ሐሰተኛ የተባለው ቀለም

አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ቀልሞ የጨረሰውን ስላይድ ከማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ ይመለከታል። ሰማያዊ ሊሆን የሚገባው የሕዋሱ አስኳል ደፍርሶ ቀልቷል፤ ሮዝ ሊሆን የሚገባው ዙሪያው ደግሞ ገርጥቷል። ናሙናው ከአንዲት ሴት ጡት የተወሰደ ነው እንበል። ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚፈርደው የአስኳሉን ቅርጽ፣ መጠንና ድምቀት አይቶ ነው። ቀለሙ ካልተናገረ ፍርዱ ይዘገያል፤ ከዚያም ከባሰ ይሳሳታል። በዚህ ጊዜ የባለሙያው እጅ አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ቀለሙ ጠርሙስ ነው። «ቀለሙ ተበላሽቷል» ይላል፤ ይደፋዋል፤ አዲስ ይከፍታል። በማግስቱም ስላይዱ ያው ነው።

ይህ ፍርድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከአራት መቶ ዓመታት በፊት አንድ ፓርላማ በዚሁ ቀለም ላይ ይህንኑ ፈርዶ ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስኳልን የሚያቀልመው ሄማቶክሲሊን የሚገኘው በሜክሲኮ የዩካታን ባሕረ ገብ ምድርና በዛሬዋ ቤሊዝ ረግረጋማ ቦታዎች ከሚበቅል እሾሃማ ዛፍ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ሄማቶክሲሎን ካምፔቺያኑም ይሉታል፤ የመጀመሪያው ስም «ደም» እና «እንጨት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። ግንዱ ሲፈለጥ ውስጡ ይቀላልና። የማያ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲያቀልምበት ኖሯል፤ ስፔናውያን ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ወሰዱት።

የእንግሊዝ ጨርቅ ነካሪዎች እንጨቱን ዘፍዝፈው በረከሰ ዋጋ ደማቅ ቀለም አገኙ። ዳሩ ግን ጨርቁ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ለቀቀ፤ ገዢም ተታለልሁ ብሎ ጮኸ። በ1581 በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣ ሕግ ቀለሙን ሐሰተኛ ሲል አገደው፤ የተገኘውም እንጨት እንዲቃጠል አዘዘ።

እንጨቱ ግን አልዋሸም ነበር። ይህ ቀለም ብቻውን ክርን አጥብቆ አይይዝም። በመካከል ቆሞ አንድ እጁን ለክሩ፣ ሌላውን ለቀለሙ የሚሰጥ የማዕድን ጨው ይሻል፤ አስያዥ እንበለው። ነካሪዎቹ የአስያዡን ነገር በሚገባ ሲማሩ ቀለሙ ጸና፤ በ1662ም እገዳው ተነሣ። በእነዚያ ሰማንያ አንድ ዓመታት የተለወጠው የነካሪው ዕውቀት እንጂ እንጨቱ አልነበረም።

ቀለሙ ከታመነ በኋላ ፈላጊው በዛ፤ የበዛው ፍላጎትም ሌላ ዕዳ ወለደ። የባሕር ውንብድናን የለመዱ እንግሊዛውያን በካምፔቼ ባሕረ ሰላጤና በቤሊዝ ዳርቻ ሰፍረው ዛፉን ይቆርጡ ጀመር። በ1670ዎቹ አብሯቸው የሠራው መርከበኛ ዊልያም ዳምፒየር በጻፈው መጽሐፍ፣ በዝናብ ወራት ቆራጮቹ ከመኝታቸው ሲወርዱ እግራቸው የሚያርፈው ውኃ ላይ እንደነበረ ተርኳል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው ከአፍሪካ በተጋዙ ባሮች ትከሻ ላይ ወደቀ። ዛሬ በቤሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ላይ መጥረቢያና መቅዘፊያ ይዘው የቆሙት ሁለት ሰዎች የዚያ የእንጨት ቆረጣ ዘመን መታሰቢያ ናቸው። ሕመምተኛን ለማዳን የሚያገለግለው ቀለም መነሻው የሌላው ሰው ላብና ሰንሰለት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

እንጨቱ ከጨርቅ ወደ ሰው ሥጋ የተሻገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1863 ጀርመናዊው ቪልሄልም ዋልዳየር የእንጨቱን ጭማቂ በሕብረ ሕዋስ ላይ ሞከረው፤ ውጤቱ ግን ደካማ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቦመር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ የአሉሚኒየም ጨው ጨመረበት፤ ያን ጊዜ አስኳሉ ጠርቶ ታየ። ነካሪዎች ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ያወቁትን አስያዥ ሳይንስ እንደ አዲስ ማግኘቱ ነበር። ዋልዳየርም ከቀለም ጋር አልተለያየም፤ በ1888 በአስኳል ውስጥ የሚታዩትን ክሮች «ክሮሞዞም» ብሎ የሰየመው እርሱ ነው፤ ትርጉሙም «ቀለማም አካል» ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር መብሰል ነው። የሚያቀልመው ሄማቶክሲሊን ራሱ ሳይሆን ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚወልደው ሄማቴይን ነው። በ1886 ፓውል ኤርሊሕ ያዘጋጀው ውሁድ እንዲበስል ለሳምንታት በብርሃን ፊት ይቀመጥ ነበር። ሃሪስ በ1900 በሜርኩሪ ኦክሳይድ፣ ማየር በ1903 በሶዲየም አዮዴት ያን ሁሉ ጥበቃ አሳጠሩት። ያልበሰለው አያቀልምም፤ ከልክ በላይ የበሰለው ደግሞ አተላ ይሆናል።

በ1870ዎቹ ኢዮሲን የተባለው ሰው ሠራሽ ቀለም ከጀርመን ፋብሪካ ወጣ። ስሙ ከግሪክ የንጋት አምላክ ከኢዮስ የተወሰደ ነው፤ መልኩ የማለዳ ሰማይ ይመስላልና። በዚያው አሥርት ዓመት ሁለቱ ቀለሞች ተጣመሩ፤ ሄማቶክሲሊን አስኳሉን ሰማያዊ፣ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ ያደርጋል። ይህ ጋብቻ እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

እንግዲህ ወደዚያ ወደ ደፈረሰው ስላይድ እንመለስ። አበው «ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ» ይላሉ። ጩኸቱ የሚሰማው ከቀለሙ ነው፤ ድንጋዩ ግን ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

አስኳሉ ቀልቶ ከቀረ መመርመር ያለበት ማጠቢያው ውኃ ነው። ይህ ቀለም በአሲድ ውስጥ ቀይ፣ በአልካሊ ውስጥ ሰማያዊ ነው። የቧንቧ ውኃ ጠባይ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ በአንዱ አገር ሰማያዊ የሚያደርገው ውኃ በሌላው አይበቃም። እንዲህ ሲሆን ጥቂት የአሞኒያ ጠብታ ያለበት ውኃ ሥራውን ይፈጽማል። ኢዮሲኑ ከገረጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስላይዱ በሚገባ ሳይታጠብ ያ አልካሊ ወደ ኢዮሲኑ ዕቃ ተሻግሯል። ኢዮሲን መጠነኛ አሲድነትን፣ ፒኤች 5 ገደማን ይወዳልና፣ አጥቦ ማስገባትና ጥቂት የአሴቲክ አሲድ ጠብታ መጨመር ይመልሰዋል። ቀለም ያልነካቸው ነጫጭ ቦታዎች ከታዩ ፓራፊን ሰሙ በደንብ አልለቀቀም፤ ዛይሊኑ አርጅቷል። ጥቋቁር ሰማያዊ ነጠብጣቦች ከተበተኑ የሄማቶክሲሊኑ ፊት ሽፋን ሠርቷል፤ በየዕለቱ ማጥለል ነው። ስላይዱ በጭጋግ እንደተሸፈነ ከሆነ ውኃው አልወጣም፤ የመጨረሻው አልኮል ይለወጥ።

ቀለም ጨርሶ የማያድነው ጥፋትም አለ። ከሰውነት የተቆረጠው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ሰዓታት ካለፉ ሕዋሱ መፍረስ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የቱም ሄማቶክሲሊን የፈረሰውን አይሠራም። በዚያ ስላይድ ፊት ቀለሙን መክሰስ ለሟች መድኃኒት ስለዘገየ ባለመድኃኒቱን እንደ መውቀስ ነው፤ የዘገየው ሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ ሁለት ነገር ይለምዳል። አንደኛ፣ ጥራቱ የታወቀ ናሙና ከሕመምተኛዋ ናሙና ጎን አብሮ ያቀልማል። ሁለቱም ከተበላሹ ጥፋቱ የአቀላለሙ ነው፤ የታወቀው ጠርቶ ሌላው ብቻ ከደፈረሰ ጥፋቱ ከዚያ በፊት የተፈጸመ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ቀለሙን፣ ውኃውንና አልኮሉን ባንድ ላይ የቀየረ ሰው ስላይዱ ቢያምርለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ያላወቀውንም ነገ አይደግመውም።

በ2008 የዚህ ቀለም እጥረት በዓለም ተከሥቶ ብዙ ላቦራቶሪዎች ተጨንቀው ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ጠርሙሱ ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከዛፍ እንደሚመጣ አስታወሱ። ሰው ሠራሹ ቀለም በበዛበት ዘመን እንኳ፣ የዕለት ተዕለቱ የካንሰር ምርመራ አሁንም በዚያ አንድ ጊዜ እንዲቃጠል በተፈረደበት እንጨት ላይ ቆሟል።

በአማርኛችን «ቀለም ቆጠረ» ስንል ተማረ ማለታችን ነው። የእንግሊዝ ነካሪዎች ያን ቀለም እስኪቆጥሩ ሰማንያ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ውጤቷን በኮሪደር ተቀምጣ የምትጠብቀው ሴት ግን ይህን ያህል ጊዜ የላትም። ጠርሙሱን ከመድፋት በፊት ውኃውን እንይ።