መጋቢው ጎርፍ

«ምግብ» ዛሬ የሚበላ ነገር ሁሉ ስም ነው፤ እንጀራውም ሽሮውም የሕፃኑ ወተትም ምግብ ነው። በግዕዝ ግን ቃሉ ከማዕድ ቤት ይልቅ ወደ ዕቃ ቤት ያደላ ነበር። «መገበ» ማለት አስተዳደረ፣ አሰናዳ፣ ለሚገባው በሚገባው መጠን አደረሰ ማለት ነው። በገዳም መጋቢ የሚባለውም ወጥ ሠሪው ሳይሆን የማኅበሩን እህልና ንብረት ይዞ ለየሰዉ ድርሻውን የሚያሰፍረው ሹም ነው። በጎጃም ከሉማሜ ተነሥቶ በብቸና፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ለሚዘልቅ ሰው ይህን ማስረዳት የአዋጁን በጆሮ ነው። በዚያ አገር መጋቤ ሐዲስና መጋቤ ብሉይ የሚባሉት ሊቃውንት እህል ሲያካፍሉ አይውሉም።

ግዕዝ ለሚበላው ነገር ሌሎች ቃላት ነበሩት። «መብልዕ» ከበልዐ የወጣ ነው፤ አማርኛ ዐይኑን ጥሎ መብል አለው። «ሲሳይ» ከሴሰየ ነው፤ በግዕዙ አቡነ ዘበሰማያት የዕለት እንጀራ ሆኖ የሚለመነው እሱ ነው። በአማርኛ ሲሳይ ወደ ዕድልና ወደ ሰው ስም ሸሽቷል። መብል የሚያየው አፍን ነው፣ ሲሳይ ሰጪውን፣ ምግብ ደግሞ ሰፋሪውን። የመጋቢትን ስም ከዚሁ ከመገበ ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንትም ቀንና ሌሊት እኩል የሚሰፈርበት ወር መሆኑን ያነሣሉ።

የሳይንስ መጻሕፍት «የምግብ ሰንሰለት» ሲሉ ይህን ሁሉ አስበውበት አይመስለኝም፤ ቢሆንም ከሦስቱ ቃላት ትክክለኛውን መርጠዋል። የባሕር ሥነ ሕይወት ዋና ጥያቄ ማን ማንን በላ ሳይሆን ከተበላው ምን ያህሉ ለሚቀጥለው ደረሰ የሚል ነውና። በባሕር ላይ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ የሚለውጡት በአብዛኛው በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ዕፅዋት ናቸው። ጀርመናዊው ቪክቶር ሄንሰን በ1887 እ.ኤ.አ. «ፕላንክተን» የሚል ስም ያወጣው ለነዚህና አብረዋቸው ለሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት ነው። ስሙ የግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ ተንከራታች ነው፤ ውሃው ወደ ወሰደው ይሄዳሉ። ደቃቅ እንስሳቱ ዕፅዋቱን ይበላሉ፣ ትንንሽ ዓሦች እነሱን፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን።

ታዲያ ከእያንዳንዱ እርከን ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ኃይል በአማካይ ከዐሥር እጅ አንዱ ገደማ ነው። አንዳንድ ቦታ አምስት በመቶ ይሆናል፣ አንዳንድ ቦታ ሃያ። የቀረው በመተንፈስና በመንቀሳቀስ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፣ በኩስ ይወጣል፣ ሳይበላም ይሞታል። ይህን አስተሳሰብ በስሌት ያቆመው አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንድማን ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ የጻፈው ጽሑፍ በ1942 እ.ኤ.አ. ሲታተም እሱ በ26 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ለጎጃም ሰው ቁጥሩ አዲስ አይደለም፤ ዐሥራት ነው። ከዐሠርቱ የወጣው ይህ ቃል በገበሬው አውድማ ላይ ለትውልድ የኖረ የግብር ስም ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐሥራትን ሲተካ ሞጣና ብቸና ከደጋ ዳሞት ጋር ያመፁትም ስፍሩ በመነካቱ ነው። ልዩነቱ ባሕር ውስጥ ዘጠኙ እጅ ከባለ አውድማው ጋር አለመቆየቱ ነው። አንድ ሺህ ኪሎ ዕፅ መቶ ኪሎ ደቃቅ እንስሳ ቢወጣው፣ ከዚያ ዐሥር ኪሎ ሰርዲን፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ቱና ነው የሚገኘው። የባሕር ኃያላን ቁጥራቸው ጥቂት የሆነውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ስፍር ያመለጠ የሚመስል አንድ ግዙፍ ፍጥረት አለ፤ የስሙ ታሪክም ከግዙፍነቱ አያንስም። ግዕዙ «ዐንበሪ» ይለዋል። በዐረብኛ ዐንበር ሁለት ነገር ነው፦ እንስሳውና ከእንስሳው ሆድ የሚወጣው ውድ ሽቱ። የደጋው ሰው ባሕሩን ሳያይ ስሙን ተቀበለና አንበሪ የሚለው ድምፅ ምንም ስላልነገረው ከሚያውቀው ግሥ ጋር አዛመደው። ዓሣ አንበሪ ዓሣ ነባሪ ሆነ፣ ጥንትም የነበረ፣ ዛሬም ያለ ይመስል። እኔ አንበሪ ቢባል እወዳለሁ፤ ነገር ግን ነባሪው መዝገበ ቃላቱንም ሬዲዮውንም ይዟልና ተሟግቶ የሚረታው የለም። (ዓሣም አይደለም፣ ጥጃውን ያጠባል፤ ያም ሌላ ሙግት ነው።) ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት የሚበላው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነውን፣ ክሪል የሚባለውን ተንሳፋፊ እንስሳ ነው። መሀል ያሉትን ተቀባዮች ዘልሎ ከታችኛው ጎተራ አጠገብ ስለሚበላ ነው ያን ያህል የገዘፈው።

«ሰንሰለት» ከግዕዙ ሰንሰል ጋር አንድ ነው፤ ዐረቡ ሲልሲላ፣ ዕብራዊው ሻልሼሌት ይላል። ባሕሩ ውስጥ ያለው ነገር ግን ቀለበት በቀለበት አይሄድም፤ ያው ዓሣ በልጅነቱ ፕላንክተን ይበላል፣ ሲያድግ የሌላውን ልጅ። ስለዚህ «የምግብ መረብ» የሚለው የተሻለ ነው። መረብ የግዕዙ መርበብት ነው፣ ከረበበ፣ ማለትም ከተዘረጋ። የደብተራ መጻሕፍትን የሚያውቅ መርበብተ ሰሎሞንን ያስታውሳል፤ ዓሣ በመረብ እንደሚያዝ አጋንንት የሚያዙበት ጸሎት ነው።

አሁን የዚህ መረብ አንዱ ጫፍ ወደሚጀምርበት ወደ ሉማሜ። የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው መንገድ ላይ። በሰሜን ጮቄ፣ በደቡብ የዓባይ በረሃ አለ። ጥቁሩ መረሬ አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ገበሬው ከዘራ በኋላ በሬውን መልሶ ይጠምድና ማሳውን በሰያፍ እየሰነጠቀ ቦይ ያወጣል። ቦዩ ስሙ «ፈሰስ» ነው፤ ከፈሰሰ የወጣ፣ ትርጓሜ የማይሻ ቃል። ሐምሌ ላይ በፈሰሱ ጫፍ ቢቆሙ ውሃው ደፍርሶ፣ የገለባ ስብርባሪ አዝሎ ሲወርድ ይታያል። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ የሚባሉት ወንዞች ተቀብለው ለዓባይ ያስረክቡታል። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው ነው፤ ከግንዱ ይልቅ ግን ዋጋ ያለው ጭቃው ነበር።

ዓባይ ናይል ሆኖ የሚገባበት የሜዲትራንያን ምሥራቃዊ ክፍል ከዓለም ባሕሮች በንጥረ ነገር እጅግ ድሃ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ያ የሚያምር ጥርት ያለ ሰማያዊነቱ የባዶነቱ ምልክት ነው። የእኛ ክረምት ጎርፍ መስከረምና ጥቅምት ላይ በናይል አፍ ሲገባ ከደለሉ ጋር ፎስፈረስና ሲሊካ ያወርድ ነበር። ተንሳፋፊው ዕፅ በድንገት ይበዛል፣ ሰርዲኑም ይሰበሰባል። እዚህ ላይ የመጋቢነት ነገር በጥብቅ ትርጉሙ ይሠራል። ጎርፉ ኃይሉን አላመጣም፣ ኃይሉ የፀሐይ ነው፤ ጎርፉ ያደረገው ፀሐይ የምትሰጠውን ለመቀበል የጎደለውን ማቅረብ ነው። በየእርከኑ የጠፋ ኃይል አይመለስም፤ ፎስፈረሱ ግን ከኩሱም ከሬሳውም ወጥቶ እንደገና ይሠራል።

በ1964 እ.ኤ.አ. የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ወንዙን መያዝ ጀመረ። ከዚያ በፊት፣ በ1962፣ የግብፅ አጥማጆች 18,000 ቶን ያህል ሰርዲን አውጥተው ነበር። በ1968 ያገኙት 500 ቶን አካባቢ ነው፣ ከዐሥራትም በታች። ጮቄ ላይ የዘነበው ዝናብ ለባሕሩ ምን ያህል ይሰፍር እንደነበር የታወቀው ስፍሩ ሲቀር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ሕዳሴ ግድብ ውሃውን ስለሚይዝ የጎጃም ደለል ሱዳን ሳይደርስ አብዛኛው ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ያርፋል።

ሰርዲኑ ግን ተመልሷል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የግብፅ ጠረፍ ዓሣ እንደገና በዝቷል፤ ተመራማሪዎች በምክንያትነት የሚያነሡት ከደልታው እርሻ የሚታጠበውን ማዳበሪያና የከተሞቹን ፍሳሽ ነው። «ማዳበሪያ» ከዳበረ የወጣ ነው። ሉማሜ ላይ ቃሉ ከዱቄቱ አልፎ ከረጢቱን ይዟል፤ ጤፉም ከሰሉም በማዳበሪያ ይሞላል፣ ባዶው ማዳበሪያ ራሱ ገበያ ይወጣል። ገበሬው ይህን በጅቡቲ ወደብ የገባ ዕቃ በብድርም በጥሬ ገንዘብም ገዝቶ ማሳው ላይ ይበትነዋል፤ ሐምሌ ሲገባም ፈሰሱን ያወጣል።