ግዙፎቹ ታይታኖች፡- የጦር ጨዋታ ሞዴሎችን ስለመሰብሰብና ስለመቀባት

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ባለፈው ሰሞን እናቴ በስልክ “ምን እየሠራህ ነው?” ብላ ብትጠይቀኝ “የሮቦት እግር እየቀባሁ ነው” አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና “የማን ልጅ ነው ያስቸገረህ?” አለችኝ። ያስቸገረኝ ልጅ የለም። ሮቦቱ የራሴ ነው፤ ባለቤቱም ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ጎልማሳ ነው።

በምኖርበት በእንግሊዝ አገር ይህ ነገር የአዋቂዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የጦር ጨዋታ ማለት በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮችን አሰልፎ፣ ርቀት በሜትር እየለኩ፣ ዳይስ እየወረወሩ መዋጋት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ስለ ማርስ ፍጡራን ወረራ የጻፈው ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 “ሊትል ዋርስ” በተሰኘ መጽሐፉ ለአሻንጉሊት ወታደሮች ውጊያ ሕግ አውጥቶለታል (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ግን “ዋርሃመር 40,000” ነው። አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ በ1975 ለንደን ውስጥ የእንጨት የጨዋታ ሰሌዳዎችን እየሠራ የተነሣ ድርጅት ሲሆን፣ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም ነው። ሪክ ፕሪስትሊ የጻፈው የመጀመሪያው የዋርሃመር 40,000 መጽሐፍ የወጣው በ1987 ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በ41ኛው ሺህ ዓመት፣ የሰው ልጅ በከዋክብት መካከል ማብቂያ በሌለው ጦርነት ተጠምዶ ባለበት ዘመን ነው።

በዚያ ዓለም ውስጥ “ታይታን” የሚባሉ በሁለት እግራቸው የሚሄዱ የጦር መሣሪያዎች አሉ፤ ቁመታቸው እንደ ሕንፃ ነው። በ1988 “አዴፕተስ ታይታኒከስ” በተባለ ጨዋታ መጀመሪያ ብቅ ሲሉ ግን በመዳፍ የሚያዙ ትንንሽ ፕላስቲኮች ነበሩ። በ1990ዎቹ አርሞርካስት የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በፈቃድ አሳድጎ ሠራቸው። ከዚያም የጌምስ ወርክሾፕ ክፍል የሆነው ፎርጅ ወርልድ ዋርሀውንድንና ሪቨርን፣ በመጨረሻም በ2015 ዋርሎርድን በሬዚን አወጣ። በዚህ ጨዋታ ተራ ወታደር ቁመቱ ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ዋርሎርድ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ዋጋው ከነመሣሪያዎቹ ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ ይህንን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ለምን እንዲህ ተወደደ? ተራዎቹ ወታደሮች የሚሠሩት የቀለጠ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ እየገባ ነው። ብረቱን ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ አንዴ ከተዘጋጀ ግን እጅግ ብዙ ቅጂ ያወጣል። ሬዚን ደግሞ በእጅ የሚፈሰው በሲሊኮን ጎማ ውስጥ ነው። ጎማው ከጥቂት ደርዘን ቅጂ በኋላ ይበላሽና ይጣላል። ገዢው ጥቂት የሆነ ትልቅ ዕቃ በሬዚን የሚሠራው ለዚህ ነው፤ በእጅ የተሠራ ነገር ደግሞ ጣጣው ለገዢው ይተርፋል።

የእኔ ታይታን ሪቨር ነው። አዲስ አልገዛሁትም። በምንጫወትበት ክበብ ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ብሩሽ መያዝ ስላቃታቸው ያላለቀውን ሪቨራቸውን በግማሽ ዋጋ ሰጡኝ። እግሩና ዳሌው ተጣብቋል፣ ሌላው በሳጥን ነው። “ሲያልቅ አምጥተህ አሳየኝ” አሉኝ። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል እሳቸውን ባየሁ ቁጥር አንገቴን ደፋ አድርጌ አልፍ ነበር።

ከማላውቀው ሰው የምገዛ ቢሆን ኖሮ ግን መጀመሪያ የማየው አስመስሎ የተሠራ አለመሆኑን ነው። አስመሳዮቹ ቅርጽ የሚያወጡት ከእውነተኛው ሞዴል ላይ ነው። ሬዚን ሲደርቅ ጥቂት ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው በትንሹ ያንሳል፣ የብሎንና የጠርዝ ቅርጾች ይደበዝዛሉ፣ የአየር አረፋ ቀዳዳም ይበዛዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ መለዋወጫ አልገጥም ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

የአዛውንቱ ሪቨር እውነተኛ ነበር፤ ችግሩ አጣበቁ ላይ ነው። ዳሌው ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ሱፐር ግሉ በብርድ እንደሚሰባበር ስለማውቅ ዳሌውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከባለቤቴ እንጀራ ጎን አሳደርኩት። ጠዋት ትንሽ ጠምዘዝ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተለያየ። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

ቀጥሎ ማጠብ ነው። ሬዚን ከጎማው በቀላሉ እንዲወጣ የሚቀባ ቅባት በላዩ ይቀራል፤ በለብታ ውሃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ካልታጠበ ቀለሙ በኋላ እንደ ቆዳ ይላጣል። የተጣመመ ክፍል ካለ በሙቅ ውሃ ነክሮ ማለስለስ፣ ቀጥ አድርጎ ይዞ በቀዝቃዛ ውሃ ማጽናት ነው። አረፋ የተወውን ቀዳዳ በስቱኮ መድፈን ይቻላል።

እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጠላት ነው። በደረቁ መሞረድ፣ በተለይም መኝታ ቤት ውስጥ፣ አይሞከር። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ብርጭቆ ወረቀታቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ሲሠሩ ያያችሁ፣ እንደዚያው አድርጉ፤ ብናኙ ከውሃው ጋር ይቀራል። በዚያም ላይ የብናኝ ማስክ አይለያችሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስስል ከርሜያለሁ።

ትልቅ ሞዴል ትንሹ ሞዴል ተለጥጦ የተሠራ አይደለም። የሦስት ሳንቲሜትር ወታደር በአንድ ጠብታ ሙጫ ይቆማል። ታይታን ግን ክብደቱ ሁሉ በሁለት ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ስለዚህ መገጣጠሚያውን በትንሽ መሰርሰሪያ ከሁለቱም ወገን በስቶ የናስ ዘንግ ማስገባትና ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚሠራው ኢፖክሲ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ከመጣበቁ በፊትም አቋቋሙን በሚለጠፍ ጭቃ ለጊዜው አያይዞ ከሁሉም አቅጣጫ ማየት ነው። የእርምጃው መሐል ሲዘነብል እዚያው ይታያል። ክንዶቹን በማግኔት ካያያዛችኋቸው መሣሪያ መቀያየር ይቻላል። ከማጣበቃችሁ በፊት ግን የማግኔቱን ዋልታ በብዕር ምልክት አድርጉበት። እኔ አንዱን ገልብጬ አጣብቄ፣ ታይታኑ የራሱን መድፍ እየገፋ አላስጠጋ ብሎኝ ነበር።

ሁሉን ገጣጥሞ ከዚያ መቀባት የጀማሪ ስህተት ነው። ብሩሹ ከጦር ልብሱ ሥር አይደርስም። የውስጡን አጽም ለብቻ፣ የላይ ሽፋኖቹን ለብቻ አድርጋችሁ ቅቡ። አጽሙ ጥቁር መነሻ ቀለም ተነፍቶበት ብረታማ ቀለም፣ ከዚያም በስንጥቁ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ጥቁር ቡናማ ይፈስበታል። ሽፋኖቹ ሰፊና ለጥ ያሉ ስለሆኑ በብሩሽ ሲቀቡ መስመር ይታይባቸዋል፤ በኮምፕሬሰር የሚሠራ መንፊያ የሚጠቅመው እዚህ ነው። አርማ ከመለጠፉ በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መቀባት አለበት፤ ሸካራ ገጽ ላይ የተለጠፈ አርማ ሥሩ አየር ይይዝና ጠርዙ ብር ይመስላል። ብርቅርቅታውን በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ያጠፋዋል።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ከዚህ በኋላ ባለው ሥራ ነው። ንጹሕና ለስላሳ ሆኖ የተቀባ ታይታን ትልቅ አሻንጉሊት ይመስላል፤ የሕንፃ ያህል ግዝፈት አይሰማበትም። ዓይንን የሚያታልለው ጥቃቅኑ ነው። የቀለም ግጫሩ በጠርዝ ላይ የጤፍ ፍሬ እንኳ የማያህል ይሁን፤ በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል። ዝገቱ ከብሎኑ ሥር እንደ ክር ቀጥኖ ይውረድ። እያንዳንዱ ሽፋን ከጎረቤቱ ጥቂት ይጥቆር ወይም ይንጣ። እግሩ ሥር አንድ ተራ ወታደር አቁሙ። እኔ ያን ወታደር ያቆምኩ ዕለት ነው ታይታኑ በድንገት ያደገው።

ገንዘቡን ወይም ጊዜውን ለምትፈሩ መለማመጃ አለ። በ2014 የወጣው “ኢምፔሪያል ናይት” በፕላስቲክ የተሠራ የታይታኖች ታናሽ ወንድም ነው፤ ዋጋው ከሪቨር ጋር አይወዳደርም፣ ሬዚንም አይነካችሁም። የጃፓኑ ባንዳይ ከ1980 ጀምሮ የሚያወጣቸው የጋንዳም ሮቦቶችም አሉ። ለጦር ጨዋታ የታሰቡ አይደሉም፤ ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ግን ያለ ሙጫ የሚገጣጠሙ ስለሆኑ እጅ ማፍታቻ ይሆናሉ።

ሪቨሩን ባለፈው ወር ጨረስኩት። ቀይና የአጥንት ነጭ አድርጌ ነው የቀባሁት። በስፖንጅ በተሞላ ሣጥን ተሸክሜ ወደ ክበቡ ወሰድኩና አዛውንቱ ፊት ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። መነጽራቸውን አደረጉ። በመጀመሪያ ያዩት ቀለሙን አልነበረም፤ ዳሌውን በጣታቸው ነካክተው ቀጥ ማለቱን አረጋገጡ። ከዚያ ዞረው ዞረው ካዩት በኋላ “እኔ እንኳን ሰማያዊ ላደርገው ነበር” አሉና ሻይ ሊቀዱልኝ ተነሡ።