መሥራቾቹን ያሰናበተ ስም

በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ የምትገኘው የካንተርበሪ ከተማ፣ ከሮማ የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ በ597 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወንጌልን ከሰበከባት ጊዜ ጀምሮ የሊቀ ጳጳሳት መንበር የጸናባት፣ በ1170 ደግሞ ቶማስ ቤኬት በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ በንጉሡ ፈረሰኞች ሰይፍ የወደቀባት ስለ ሆነች፣ ስሟ ሲነሣ ወደ ልቡና የሚመጣው የተሳላሚዎች ጉዞና የደወል ድምፅ እንጂ በኤሌክትሪክ የሚጮኽ ኦርጋን አይደለም። ነገር ግን በዚያችው ከተማ ሳይመን ላንግተን በሚባለው የወንዶች ትምህርት ቤት፣ ጃዝና አዲስ ሥነ ጥበብ ሲያነጋግራቸው የሚውል ጥቂት ልጆች በ1950ዎቹ መጨረሻ ተገናኝተው ነበርና፣ ከእነርሱ ወዳጅነት በ1966 ሶፍት ማሽን የተባለው ባንድ ተወለደ። ስሙን የወሰዱት ዊልያም ባሮውዝ ከተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ደራሲውንም አስፈቅደውት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አባላት አራት ነበሩ። ሮበርት ዋያት ድራም እየመታ በቀጭንና ሆድ በሚያባባ ድምፁ ይዘፍናል፤ ማይክ ራትሌጅ በኦክስፎርድ ፍልስፍናና ሥነ ልቡና ያጠና፣ ዝምታ የሚወድ የኦርጋን ተጫዋች ነው፤ ኬቪን ኤየርስ ቤዝ ጊታር ይዞ በወፍራም ድምፁ የራሱን ግጥሞች ያዜማል፤ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ዴቪድ አለን ደግሞ ከአውስትራሊያ መጥቶ በዋያት ወላጆች ቤት ተከራይቶ የኖረ ባለቅኔና ጊታር ተጫዋች ነው። ከአራቱ መካከል ሦስቱ ዘፋኞች መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ የዚህ ባንድ ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ ቃል ከዜማ የተለየበት ታሪክ ነውና።

በዚያ ወራት ሎንዶን ሳይኬደሊክ በተባለው አዲስ መንፈስ ትናወጥ ነበር። ኢንተርናሽናል ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በጥቅምት 1966 ራውንድሃውስ በሚባለው አሮጌ የባቡር ሕንፃ ሲመረቅ ሶፍት ማሽንና ፒንክ ፍሎይድ በአንድ ሌሊት ተጫወቱ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በተከፈተው ዩፎ በተባለው የሌሊት ክለብም ሁለቱ ባንዶች የቤት ልጆች ያህል ሆኑ። ማርክ ቦይል የተባለው ሠዓሊ ቀለም የነከሩ ፈሳሾችን በመብራት ፊት እያፈላ በግድግዳውና በተጫዋቾቹ ፊት ላይ ኅብረ ቀለም ያፈስባቸው ነበር። ራትሌጅ ኦርጋኑን ድምፅን በሚያሻክር የጊታር መሣሪያ ውስጥ እያሳለፈ ስለሚጫወት፣ በቤተ ክርስቲያን የለመድነው ያ ለስላሳ ድምፅ እንደ ተቈጣ ንብ ይተም ጀመር። እጁን ካነሣ መሣሪያው በራሱ ስለሚጮኽበት ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ያለ ዕረፍት ለማለፍ ተገደደ፤ ዘፈኖቻቸውም ሳይቋረጡ እየተያያዙ የሚጎርፉበት ልማድ በከፊል ከዚህ ግዴታ ሳይመጣ አልቀረም።

የመጀመሪያው ስንብት የመጣው ከሙዚቃ ሳይሆን ከፓስፖርት ነው። ባንዱ የ1967ን በጋ በደቡብ ፈረንሣይ በሳን ትሮፔ አካባቢ፣ የሠዓሊው የፒካሶ ቴያትር በሚታይበት ድንኳን ሲጫወት ከርሞ በነሐሴ ወር ሲመለስ፣ የዶቨር የድንበር ሹማምንት ዴቪድ አለንን ቀድሞ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ በእንግሊዝ ኖረሃል ብለው ከለከሉት። ጓደኞቹ በመርከብ ተሻግረው ገቡ፤ እርሱ ወደ ፓሪስ ተመልሶ ጎንግ የተባለውን ሌላ ባንድ አቋቋመ። አንድ ማኅተም ያልመታ ጸሓፊ ሁለት የሙዚቃ ትውልድ መክፈሉ የሚያስገርም ነው።

የቀሩት ሦስቱ በ1968 የጂሚ ሄንድሪክስን ቡድን ተከትለው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ዞሩ፤ በሚያዝያ ወርም በኒውዮርክ የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀረጹ። በዚያ ሸክላ ላይ ዘፈን አለ፣ ቀልድ አለ፣ የሕፃናት ጨዋታ የሚመስል ድግግሞሽም አለ፤ የነገሩ ሁሉ ምንጭ በአብዛኛው ኤየርስ ነበር። ይሁን እንጂ በየምሽቱ ከተማ መቀየር አካሉንም ነፍሱንም ስላደከመው፣ ጉዞው ሲፈጸም ቤዝ ጊታሩን ለሄንድሪክስ ባልደረባ ለኖኤል ሬዲንግ ሸጦ ወደ ስፔን ደሴቶች ሄደ። በቦታው የተተካው ሂው ሆፐር የትምህርት ቤት ጓደኛቸውና በአሜሪካ ጉዞ ዕቃቸውን ሲጭንና ሲያራግፍ የነበረ ሰው ነበር፤ ከዕቃ ጫኝነት ወደ ደራሲነት የተሻገረው ይህ ትሑት ሰው የባንዱን አቅጣጫ ከማንም ይልቅ ለወጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆፐርና ራትሌጅ በጃዝ የተማረኩ ነበሩ። በ1969 መጨረሻ አራት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾችን፣ አብዛኞቹን ከኪዝ ቲፔት የጃዝ ቡድን፣ አምጥተው ባንዱን ሰባት ሰው አደረሱት፤ ይህን ያህል ሕዝብ መመገብ አልቻሉምና ብዙዎቹ ቶሎ ተበተኑ፣ ኤልተን ዲን ብቻ ከነሳክስፎኑ ጸንቶ ቀረ። በ1970 የወጣው ሦስተኛው ሥራቸው ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ ሲሆን፣ በየገጹ አንድ ረጅም ድርሰት ብቻ ተቀምጧል። ከአራቱ ሦስቱ ቃል የሌላቸው የሆፐርና የራትሌጅ ድርሰቶች ናቸው። አራተኛው የዋያት «ሙን ኢን ጁን» ነው፤ ባልደረቦቹ ለዘፈን ያላቸው ፍቅር እየቀዘቀዘ በመሄዱ፣ ዋያት አብዛኛውን ክፍል ኦርጋኑንም ቤዙንም ድራሙንም ራሱ እየተጫወተ ብቻውን ሠራው፤ ሌሎቹ የሚሰሙት ወደ መጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ሶፍት ማሽን ዘፈን አላስቀረጸም። ይህን ሸክላ ብዙ ሊቃውንት የባንዱ ዘውድ ይሉታል፤ እኔም እስማማለሁ፣ ግን ምክንያቴ ይለያል። የሚያስደንቀኝ አንድነቱ ሳይሆን፣ በአንድ ሽፋን ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡ ሰዎች መኖራቸው ነው።

በነሐሴ 13 ቀን 1970 በሎንዶን ሮያል አልበርት አዳራሽ፣ ፕሮምስ በተባለው የክላሲካል ሙዚቃ ጉባኤ ላይ ተጋብዘው ተጫወቱ፤ ከሮክ ዓለም እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ባንድ ከእነርሱ በፊት አልነበረም። ዋያት ራሱ እንደ ተናገረው፣ ከመጫወታቸው በፊት ሲጋራ ለማጨስ በኋላ በር ወጥቶ ሊመለስ ሲል ዘበኛው፣ እዚህ የሚቀርበው ደህና ሙዚቃ ብቻ ነው ብሎ አላስገባም አለው። ዘበኛው ሳያውቀው የባንዱን የውስጥ ክርክር በአጭሩ ገልጾታል እላለሁ፤ ደህና ሙዚቃ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ከበሩ ውጭ ብቻ ሳይሆን ከመድረኩም ላይ ነበርና።

ክርክሩ በ1971 ተፈጸመ፤ ዋያት ከመሠረተው ባንድ ወጣ፣ ፈቅዶ ከመውጣት ይልቅ ተገፍቶ እንደ ወጣ ሲያዝን ኖሯል። ማችንግ ሞል የተባለ የራሱን ቡድን ሠርቶ ሳለ፣ ሰኔ 1 ቀን 1973 በአንድ ግብዣ ላይ ከመስኮት ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፒንክ ፍሎይድና ሶፍት ማሽን ለእርሱ መርጃ በሎንዶን ተጫወቱ፤ የቀድሞው ቅያሜ ይህን ከማድረግ አለማገዱ የሚመሰገን ነው። የፒንክ ፍሎይድ ድራም ተጫዋች ኒክ ሜሰን ያዘጋጀለት «ሮክ ቦተም» የተባለው አልበም በ1974 ሲወጣ፣ እግሮቹን ያጣው ድራም መቺ ፍጹም ዘፋኝ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለውጥ በዝርዝር መቁጠር አንባቢን ማድከም ነው። ድራሙን ፊል ሃዋርድ፣ ከእርሱም ጆን ማርሻል ተረከበ፤ ዲን በ1972፣ ሆፐር በ1973 ተሰናበቱ፤ ኑክሊየስ ከተባለው የጃዝ ባንድ የመጡት ማርሻል፣ ካርል ጄንኪንስና ሮይ ባቢንግተን ቤቱን ሞሉት። ከአለን ወዲህ ጊታር ያልነበረው ባንድ፣ በ1968 ለጥቂት ሳምንታት ብቅ ብሎ የጠፋውን አንዲ ሰመርስን ካልቆጠርን፣ በ1975 በወጣው «በንድልስ» አልበም ላይ አለን ሆልድስወርዝን አስገብቶ እንደ ገና የጊታር ባንድ ሆነ። ራትሌጅም በ1976 ሲወጣ ከመሥራቾቹ አንድ ስንኳ ሳይቀር፣ ስሙን የያዘው በ1972 የገባው ጄንኪንስ ሆነ። ይህ ዌልሳዊ የቀድሞ የኦቦ ተጫዋች ኋላ ስለ ሰላም ባዘጋጀው ታላቅ የቅዳሴ ድርሰቱ በዓለም ታወቀ፤ በዚያ ድርሰት፣ ከላቲኑ የቅዳሴ ቃል ጋራ የሙስሊሞች የሶላት ጥሪ ይሰማል። በሶፍት ማሽን ዘንድ ግን እርሱም ቃል አላስገባም።

ባንዱ በ1980ዎቹ ቢከስምም፣ የ1970ዎቹ አባላት «ሌጋሲ» የሚል ቅጥያ ጨምረው ሲጫወቱ ቆይተው በ2015 ቅጥያውን ጣሉት። በጊታር ተጫዋቹ በጆን ኤተሪጅ የሚመራው ይህ ባንድ በ2023 ባወጣው «አዘር ዶርስ» በተባለው አልበም ውስጥ «ጆይ ኦቭ ኤ ቶይ» የተባለውን የኤየርስንና የራትሌጅን ድርሰት እንደ ገና አስቀርጿል። ከመጀመሪያው ሸክላ መርጠው የወሰዱት ይህ ድርሰት፣ በ1968ም ቢሆን ቃል ያልነበረው ነው።