የቪዲዮ ዲስኮች ፉክክርና የሸማቹ ዕዳ

ድምፅን በጠፍጣፋ ሸክላ ላይ ቀርጾ በፈለጉት ጊዜ መልሶ መስማት፣ ኤሚል በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1887 ግራሞፎንን ከፈለሰፈ ወዲህ እየተለመደ የመጣ ነገር ነው። ድምፅ በሸክላ ከተቀረጸ ተንቀሳቃሽ ሥዕልስ ለምን አይቀረጽም? ይህ ጥያቄ ለተራው ቤተሰብ የሚበቃ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ዘጠና ዓመታት ያህል ፈጅቷል። መልሱ ሲገኝም አንድ ሆኖ አልተገኘም። ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ በሌላው ማጫወቻ ላይ ሊሠራ የማይችል ዲስክ እየሠሩ ለገበያ አቀረቡ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፉክክሩን ታሪክ በአጭሩ መቃኘትና፣ መሣሪያውን በገንዘቡ ገዝቶ ወደ ቤቱ ያስገባው ሸማች ምን እንደ ደረሰበት መመርመር ነው።

በአሜሪካ ገበያ ቀድሞ የደረሰው በኋላ «ሌዘር ዲስክ» የተባለው ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስና የአሜሪካው የመዝናኛ ኩባንያ ኤም.ሲ.ኤ. በጋራ አዘጋጅተው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 በአትላንታ ከተማ መሸጥ ጀመሩ። ዲስኩ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን የሚነበበው በመርፌ ሳይሆን በብርሃን ጨረር ነው። ጨረሩ ዲስኩን ስለማይፋቀው ደጋግሞ ማጫወት አያደክመውም። ከዲስኩ ዓይነቶች አንደኛው በአንድ ገጽ 54,000 ሥዕሎችን ይይዝ ነበር፤ እያንዳንዱ ሥዕል ቁጥር ስላለው ተመልካቹ የፈለገውን መርጦ በመስተዋቱ ላይ ማቆም ይችላል። ለመምህርና ለሠዓሊ ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ዲስክ አንድ ገጽ የሚያጫውተው ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በተጨማሪም ከመጀመሪያዎቹ ዲስኮች አንዳንዶቹ በሥራ ጉድለት ምክንያት በውስጣቸው ያለው ብረት እየተበላሸ ሥዕሉን አጥፍቶታል።

ሁለተኛው ተፎካካሪ አር.ሲ.ኤ. ነበር። ይህ ኩባንያ ምርምሩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን «ሴሌክታቪዥን» የተባለውን መሣሪያ ለሽያጭ ያበቃው በመጋቢት 1981 ነው። የማጫወቻው ዋጋ 500 ዶላር ያህል ነበር። አሠራሩ የጥንቱን ሸክላ ይመስላል፤ መርፌ በረቂቅ ቦዮች ውስጥ እየተጓዘ የሚለዋወጠውን የኤሌክትሪክ መጠን ያነብባል። አቧራና የጣት አሻራ ስለሚጎዳው ዲስኩ ከፕላስቲክ ማኅደሩ በእጅ አይወጣም፤ ከነማኅደሩ ወደ ማጫወቻው ይገባና ማኅደሩ ባዶውን ይመለሳል። በሦስተኛ ደረጃ የጃፓኑ ጄ.ቪ.ሲ. ቪ.ኤች.ዲ. የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1983 በአገሩ ገበያ አቀረበ። ይህም በመርፌ የሚነበብ ሲሆን ቦይ ግን የለውም።

እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ሲሻኮቱ ድሉን የወሰደው ዲስክ ያልሆነው የቪዲዮ ካሴት ነው። የሶኒ ቤታማክስ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የጄ.ቪ.ሲ. ቪ.ኤች.ኤስ. ደግሞ በ1976 ወጥተው ነበር። የሥዕል ጥራታቸው ከሌዘር ዲስክ ያንሳል። ነገር ግን ካሴት ከቴሌቪዥን መቅረጽ ይችላል፤ ዲስኮቹ ግን የኩባንያውን ፊልም ከማሳየት ሌላ አያውቁም። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። ሌዘር ዲስክን ያዘጋጀው ኤም.ሲ.ኤ. የዩኒቨርሳል ፊልም ድርጅት ባለቤት ነበር። ዩኒቨርሳልም ከዋልት ዲስኒ ጋር ሆኖ በቤት ውስጥ መቅረጽን ለማስቆም እ.ኤ.አ. በ1976 ሶኒን ከሶ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 1984፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ፕሮግራምን ቀርጾ በኋላ መመልከት ሕግን መጣስ አይደለም ሲል ወሰነ። አር.ሲ.ኤ. የማጫወቻ ምርቱን ማቆሙን ያስታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ኪሣራው 580 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ነበር ይነገራል።

የኩባንያው ኪሣራ በሒሳብ መዝገብ ሰፍሮ ይታወቃል። የሸማቹ ኪሣራ ግን በየቤቱ ተበትኖ ስለሚቀር የሚደምረው የለም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ማጫወቻዎች ተሸጠው ነበር። አር.ሲ.ኤ. ዲስክ ማተሙን እስከ 1986 ቢቀጥልም፣ ከዚያ በኋላ ግን መርፌው ያለቀበት ምትክ፣ አዲስ ፊልም የፈለገም ሻጭ ማግኘት ተሳነው። በፉክክሩ ያልመከረ ሰው የፉክክሩን ዕዳ ተሸከመ።

ዕዳው በገንዘብ ብቻ አልተወሰነም። የእንግሊዝ የራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ1086 የተጻፈውን የአገሪቱን የግብር መዝገብ 900ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ የዘመኑን ኑሮ በልዩ ሌዘር ዲስኮች አስቀርጾ ነበር። ተማሪዎችን ጨምሮ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተሳትፎበታል። ዓሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲያልፍ የሚያነብበው መሣሪያ ከመጥፋቱ የተነሣ የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ባለሙያዎች ሥራውን ለማዳን መድከም ግድ ሆነባቸው። በብራና የተጻፈው የ1086 መዝገብ ግን ዛሬም ይነበባል።

ኩባንያዎች ከዚህ ፈጽሞ አልተማሩም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሶኒና ፊሊፕስ በአንድ ወገን፣ ቶሺባና ታይም ዋርነር በሌላ ወገን ሆነው ለአዲስ ፍልሚያ ሲዘጋጁ፣ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች አንድ መለኪያ ካልተገኘ አንቀበልም በማለታቸው ተስማሙ። ከስምምነቱ የተወለደው ዲ.ቪ.ዲ. በ1996 በጃፓን ተሸጠ፤ ቀጥሎም ዓለምን አዳረሰ። ሆኖም ተተኪው ሲመጣ ስምምነቱ ተረሳ። በ2006 የቶሺባ ኤች.ዲ. ዲ.ቪ.ዲ. እና የሶኒ ወገን ብሉ ሬይ ተጋጠሙ። የፊልም ድርጅቶች ጎራ ለይተው ስለ ተሰለፉ፣ ሁሉንም ፊልም የሚፈልግ ተመልካች ሁለት መሣሪያ መግዛት ነበረበት። በጥር 2008 ዋርነር ወደ ብሉ ሬይ ማዘንበሉን አስታወቀ፤ በየካቲት 19 ቶሺባ እጅ ሰጠ። ያመነው ገዢም የአር.ሲ.ኤ. ደንበኞች የቀመሱትን ቀመሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮችን እንጨብጣለን። አንደኛ፣ ሕዝብ የሚመርጠው ከሁሉ የጠራውን ሥዕል ሳይሆን ለፈቃዱ የሚታዘዝለትን መሣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ አምራቾች አስቀድመው ሲስማሙ ሸማቹ ይጠቀማል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ፍልሚያቸው የሚካሄደው በሸማቹ ኪስ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የሠርጋችን፣ የቴአትራችንና የፊልማችን ትዝታ በቪ.ኤች.ኤስ. ካሴትና በቪ.ሲ.ዲ. ተቀርጾ በየሣጥኑ ተቀምጧል። የመጨረሻው የካሴት ማጫወቻ አምራች ይባል የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስለዚህ መምህሩና የጥበብ ሰው በእጃቸው ያለውን ቅርስ፣ የሚያነብበው መሣሪያ ገና ሳይጠፋ ወደ አዲስ መዝገብ ማሸጋገር ይኖርባቸዋል። ዲስኩ ደኅና ሆኖ ሳለ ማጫወቻው ከጠፋ፣ ቁልፉ የጠፋበት ሣጥን ነውና።