መሸኛ የያዘ ተማሪ

«መሸኛ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ለእንግዳና ለመንገደኛ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል። ሁለተኛው ለተማሪ ነው፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ለቆ ወደ ሌላው ሲሄድ ርእሰ መምህሩ ፈርሞ፣ ማኅተም አሳርፎ የሚሰጠው ወረቀት። ይህን ሁለተኛውን መሸኛ የሚወስድ ልጅ ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት አይደለም የሚወስደው። ወይ አባቱ ሌላ አገር ተዛውሯል፣ ወይ ቤተሰቡ ፈርሷል፣ ወይ ደግሞ ልጁ ራሱ አንድ ጥፋት አጥፍቶ «ከዚህ ሂድልን» ተብሏል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን፣ ደሴን በመሰሉ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች፣ አንድ ለየት ያለ መሸኛ ነበር። የሚሰጠው በክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ ለሚወጣው፣ ያውም ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. በዚያው ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ፋኩልቲ ጥላ ሥር ደግሞ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ በንጉሡ የልጅ ልጅ ስም የተሰየመው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት። የዘመኑ ሰው አሳጥሮ «በዕደ ማርያም» ወይም «ላቦራቶሪ» ይለዋል። ይህ ትምህርት ቤት ልጅ አያሳድግም፤ ያደገ ልጅ ይወስዳል። በየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት የጨረሱትን እየመረጠ አዲስ አበባ ያመጣቸውና 12ኛን እሱ ዘንድ ተምረው ማትሪክ እንዲፈተኑ ያደርጋል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው አጠገባቸው ነው።

ደሴ ላይ ልጆቹን የሚያበረክተው ወይዘሮ ስኂን ነበር። ስሙ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት የወይዘሮ ስኂን ነው። በዚያ ዘመን በወሎ ዋነኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሱ ስለነበር፣ ተማሪው የደሴ ልጅ ብቻ አልነበረም። ከቦረናና ከሳይንት፣ ከዋድላ ደላንታ፣ ከአምባሰል፣ ከየጁ፣ ከቃሉ የመጣ ሁሉ ነበረበት። አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይቶ፣ ከገጠር በአህያ በሚመጣ ስንቅ፣ በሶ በጥብጦ፣ በኩራዝ እያጠና የሚማር ተማሪ። ደሴ በበኩሏ ከጦሳ ተራራ ሥር የተወሸቀች፣ ክረምት ከበጋ ጉም የማይለያት ብርዳም ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ ሙቀት የመጣ ልጅ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ ጋቢ ሲፈልግ ማየት የተለመደ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ 11ኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ጊዜ ተዛውሮ፣ አንድ ጊዜ እንግድነትን ቀምሶ፣ ብቻውን ማብሰልና ብቻውን መታመም ለምዶ የጨረሰ ነው። አዲስ አበባ ሁለተኛ ስደቱ ነች።

«ላቦራቶሪ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ሳይንስ የሚማሩበት ቤት ይመስለዋል። አይደለም። ሐሳቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ጆን ዱዊ የተባለው ፈላስፋ በ1896 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የከፈተው ትምህርት ቤት ቀዳሚው አርአያ ነው። ሐኪም በሆስፒታል እንደሚለማመድ ሁሉ የትምህርት ሊቅም የማስተማር ዘዴውን የሚፈትንበት ትምህርት ቤት ይኑረው ነው ነገሩ። የዱዊ ትምህርት ቤት ግን የጀመረው በሕፃናት ነበር። ሕፃኑ እንዴት እንደሚያስብ ለማወቅ ከሥር መነሳት ያስፈልጋላ! የእኛው ከጫፍ ጀመረ። ለምን ቢሉ፣ ዩኒቨርሲቲው አዲስ ነው፣ ተማሪ ይፈልጋል፤ በማትሪክ አልፎ የሚመጣለት ጥቂት ነው፤ ከሚያልፈውም ብዙው የአዲስ አበባና የአሥመራ ልጅ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ በእንግሊዝኛ ጉድለት፣ በመምህር እጥረት፣ በመጽሐፍ ማጣት 12ኛ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ መሳብ ያዋጣ ነበር። ስሌቱ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ከዘመኑ ስሌቶች ሁሉ ለድኻ ልጅ የቀረበው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ዘመድ የሌለው፣ ደጅ የማይጠናለት፣ ካርዱን ብቻ ይዞ የሚቀርብ ልጅ በአገራችን ታሪክ ስንት በር ተከፍቶለት ያውቃል?

ጄኔራል ዊንጌትም፣ ኮተቤ ያለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃም ከየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ ይወስዱ ነበር፤ አዳሪም ነበሩ። ልዩነቱ ዕድሜ ላይ ነው። ዊንጌት ገና 9ኛ ክፍል የገባ የአሥራ አራት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ይቦካል፣ እዚያ ይጋገራል፤ ሲወጣ የዊንጌት ልጅ ነው። የበዕደ ማርያሙ ግን ቦክቶ ነው የመጣው። ጢም ያበቀለ፣ ወንድም የቀበረ፣ አባቱ ስለ ግብር ሲሟገት ፍርድ ቤት ተከትሎት የዋለ ሰው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ሰው ሊያደርጉት አይቻልም፤ ሊፈትኑት ብቻ ነው የሚቻለው።

እስቲ ያንን መስከረም እናስበው። ከደሴ አዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ ኮምቦልቻን ወርዶ፣ ከሚሴን፣ ካራቆሬን አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ሽቅብ ተያይዞ የጣርማ በርን ዋሻ ይሾልካል። ተማሪው በአገሩ የታወቀ ነው። አንደኛ በመውጣቱ ደሴ መንገድ ላይ በጣት ይጠቆማል፤ መምህሩ ሲታመም ተነስቶ የሚያስረዳው እሱ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ክፍል ሲገባ ግን በስተቀኙ የተቀመጠው የሐረር አንደኛ ነው፣ በስተግራው የመቀሌ አንደኛ፣ ከኋላው የጅማ አንደኛ። አርባ አንደኞች በተሰበሰቡበት ክፍል አንዱ አርባኛ መውጣቱ የሂሳብ ግዴታ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው የለም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ «ሃያ ሰባተኛ» የሚል ቢያነብ፣ በዕድሜው ያላየው ቁጥር ነውና፣ የሌላ ልጅ ካርድ የተሰጠው ይመስለዋል። ለአባቱ ምን ብሎ ይጽፋል? ደብዳቤውን የሚያነብላቸው የሰፈሩ ተማሪ መሆኑንም መርሳት የለብንም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ይህን ነገር የማስታውሰው ሴንጎርን ባነሳሁ ቁጥር ነበር። ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ዳካር ላይ ሁለተኛ ደረጃውን ጨርሶ በ1928 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሄዶ ሉዊ ለግራን የተባለው ኃይለኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባ፤ ከታወቁት የፈረንሳይ ከፍተኛ ተቋማት የመግቢያ ፈተና በፊት ያለውን የዝግጅት ጊዜ ለመማር ነው። በ1931 ደግሞ ኤሜ ሴዜር ከማርቲኒክ እዚያው ግቢ ደረሰ። ሁለቱ ተገናኙና ጥቁርነትን ከፍ አድርጎ የሚያነሳው የ«ኔግሪቲዩድ» ንቅናቄ ከዚያ ወዳጅነት በቀለ። ፈረንሳይ ፈረንሳዮች እንዲሆኑላት ነበር የጠራቻቸው። እነሱ ግን እዚያ ሲደርሱ ከየት እንደመጡ ይበልጥ ታወቃቸው። ዘግይቶ የተዛወረ ተማሪ ጠባዩ ይሄ ነው፤ ያየው ሁሉ ከሌላ ካየው ጋር ይወዳደርበታል።

እኛም ዘንድ የሆነው ከዚህ ሩቅ አይደለም። በአንድ የመኝታ አዳራሽ የወሎው፣ የሲዳሞው፣ የትግሬው፣ የወለጋው ልጅ ጎን ለጎን ሲተኛ፣ ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ ስለ ምን ያወራል? ስለ አልጀብራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጭሰኛ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላው በእኔ አገር ርስት እንጂ ጭሰኛ የለም ይለዋል፤ ይከራከራሉ። የኢትዮጵያን ካርታ በመጽሐፍ ሳይሆን በአልጋ ጎረቤት የተማረ ትውልድ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ፣ ከሰልፈኛው መካከል የአራሽ ልጅ መኖሩን የተማሪ ንቅናቄውን የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዴ ይዘነጉታል። የማርክስን መጽሐፍ ብቻ ተጠያቂ ያደርጋሉ። መጽሐፉ በኋላ የመጣ ነው፤ አባትየው ቀድሞ ነበር።

የወይዘሮ ስኂን ልጆች በዚያ ንቅናቄ የነበራቸው ቦታ ይታወቃል። ኅዳር 1962 ዓ.ም. «ታገል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቺን አጭር ግን እስከ ዛሬ የምታነጋግር ጽሑፍ የጻፈው ዋለልኝ መኮንን የደሴ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከተገደሉት ወጣቶች አንዱም እሱ ነበር። ጽሑፉን የሚወድም የሚጠላም አለ፤ የዛሬው ርእሴ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ የአገር ልዩነት በአንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ባይተያይ ኖሮ፣ ጥያቄው እንዲያ ባለ መልክ ይነሳ ነበር ወይ? መንግሥቱ ምርጦቹን ለቢሮው ሲሰበስብ፣ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበትን አዳራሽም አብሮ ሠራ።

ስለሄዱት ይህን ያህል። የቀሩትስ?

አንድ 12ኛ ክፍል ውስጥ ከፊት የሚቀመጡት ሁለቱ ሦስቱ በመስከረም ሲጠፉ፣ የሚጎድለው ወንበር ብቻ አይደለም። አስተማሪን የሚፈትን ጥያቄ ይጎድላል። ማታ ማታ የፊዚክስ ልምምድ የሚያስረዳ ጓደኛ ይጎድላል፤ የገጠር ተማሪ እኮ ግማሹን ትምህርቱን የሚማረው ከጓደኛው ነው። ሦስተኛ ይወጣ የነበረው ልጅ በአንድ ክረምት አንደኛ ይሆናል። ግን በልቡ ያውቃታል፤ አንደኝነቷ የተረፈች ናት። ማትሪክ መጥቶ ውጤት ሲለጠፍም፣ ያ የወይዘሮ ስኂን መምህር ሦስት ዓመት የደከመበት ልጅ አልፏል፤ ያለፈው ግን በበዕደ ማርያም ስም ነው። ዘሪው ደሴ፣ አጫጁ ስድስት ኪሎ። በመጨረሻ «ጎበዝ ትምህርት ቤት» የሚባለው የትኛው እንደሚሆን ግልጽ ነው። የመረጠውን ተማሪ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ምን ያህሉ የማስተማሩ፣ ምን ያህሉ የመምረጡ ውጤት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ዛሬም እምብዛም የለም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ያ ዘመን የወሰደውን የሚመልስበት አንድ መንገድ ነበረው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ የማገልገል ግዴታ ነበረበት፤ አብዛኛው በመምህርነት። መጀመሪያ ብዙ ተማሪ አጉረመረመ፤ በኋላ ግን ወደደው። እንዲህ ሆኖ ከጠቅላይ ግዛት በመሸኛ የወጡ ልጆች እንደ መምህር ወደ ጠቅላይ ግዛት ተመለሱ። ይዘውት የመጡት ግን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ብቻ አልነበረም። በ1960ዎቹ በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ለምን በአንድ ጊዜ በአንድ ቋንቋ መናገር እንደጀመረ የሚገርመው ሰው፣ መልሱን ከፊሉን እዚህ ያገኘዋል። በወሎ ደግሞ የሚናገሩት ነገር በዓይናቸው ፊት ነበር። በ1958 ዓ.ም. ረሃብ ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. የባሰው መጣ። ረሃብተኛው በአዲስ አበባው መንገድ ዳር ተኮልኩሎ መኪና ሲለምን ቤተ መንግሥቱ ዝም አለ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሱትን ፎቶግራፍ በዚያው ዓመት በግቢያቸው ዘርግተው አሳዩ፤ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም የታየው ከወራት በኋላ ነው። በዚያ ግቢ ከሚማሩት የወሎ ልጆች አንዱ፣ ኤግዚቢሽኑን እየዞረ ሲያይ የሚያውቀውን መንገድ፣ ምናልባትም የሚያውቀውን ፊት እየፈለገ አይሆንም ማለት ይከብደኛል።

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ወደ ገጠር ዘመተ። ተማሪውን ከገጠር ወደ ከተማ ሲስብ ለኖረው ሥርዓት ይህ ፍጹም ግልባጭ ነበር። የላቦራቶሪው ትምህርት ቤትም በቀድሞ መልኩ አልቀጠለም።

ከዚያ ወዲህ ግን ዘግይቶ መዛወር ከጥቂቶች ወጥቶ የብዙኃን ዕጣ የሆነበት ጊዜ መጥቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው፤ 10ኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያ ላለፈው ደግሞ 11ኛና 12ኛ «መሰናዶ»። መሰናዶ በየወረዳው ባልነበረበት ዘመን የገጠሩ ልጅ እንደገና ስንቁን ቋጥሮ ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ ገባ። ያኔ ሁለት ሦስት ልጅ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግማሽ ክፍል ተነቅሎ መጣ። ሴቷ ልጅ ስትመጣ ደግሞ የቤት ኪራዩ፣ የማታው መንገድ፣ የአከራዩ ጠባይ ሁሉ ሌላ ፈተና ነበር፤ 10ኛን አልፋ በዚህ ብቻ የቀረች ስንት አለች። ይህ አከፋፈል እስከ 2011 ዓ.ም. ቆይቶ የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀረ። ወይዘሮ ስኂንም ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ የድሮ ተማሪው በበሩ ሲያልፍ የሚያውቀው ስሙን ነው።

ምርጫው ግን አልቀረም፤ ስሙን «ልዩ አዳሪ» ብሎ ተመልሷል። በአማራ ክልልም በሌሎችም ክልሎች በፈተና እየመረጡ የሚያስገቡ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ጥብቅ ሆኖ ሲሰጥ፣ ከተፈታኙ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያው ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነቱ በላያቸው አልፎ፣ ትምህርት ቤት ተዘርፎ፣ ወንበር ለማገዶ ሆኖ እንደነበር እናስታውስ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ተማሪዎቻቸውን አሳልፈው ስማቸው በየዜናው የተነሳው በአብዛኛው እነዚሁ ልዩ አዳሪዎች ናቸው። ደስ ይላል፤ ልጆቹም ደክመዋል፣ መምህራኑም ደክመዋል። የዜናውን ዝርዝር ወረቀት ግን ልብ ብዬ ተመልክቼዋለሁ። የትምህርት ቤቱ ስም አለ፣ የተፈታኙ ብዛት አለ፣ ያለፈው አለ፣ በመቶኛ አለ። ልጁ መሸኛውን ይዞ የወጣበት ትምህርት ቤት የሚጻፍበት ዓምድ የለም።