የአንድ አያት ልጆች፣ የፓስፖርት ነገር

ዋጃ ላይ መምህር ከሆንክ ስልክህም እስክሪብቶህም የሰፈር ነው። «መምህር፣ ይችን ነገር እስቲ እያት» ትባላለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ቅጽ ትሞላለህ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከአንድ ግቢ ሁለት ጉዳይ ባንድ ቀን መጣልኝ። የአንዲት እናት አንዷ ልጅ አሜሪካ ናት፤ በክረምት ሁለት ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነው። ሌላዋ ልጃቸው ሳዑዲ ናት፤ እሷ የወለደችው የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ እዚሁ ከአያቱ ጋር ይኖራል፣ ፓስፖርት ይፈልጋል።

የእህትማማች ልጆች ናቸው። አሜሪካ የተወለዱት ሁለት አገር አላቸው ማለት ይቻላል። ዋጃ ያለው ግን በወረቀት አንድም የለውም። ይሄ እንዴት ሆነ የሚለው የታሪክ ጥያቄ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ይጀምራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጭኑ ሦስት ወር ገደማ ሲቀራቸው የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ገና በአንቀጽ 1፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው አገር ቤትም ይወለድ ውጭ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። «ወይም እናቱ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። እንግሊዛዊት እናት ውጭ አገር ለወለደችው ልጅ ዜግነቷን እንደ አባት እኩል ማውረስ የቻለችው እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ነው። እርግጥ የእኛም ሕግ እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፤ ስለ ጋብቻ የሚናገሩት አንቀጾች ጋ ሲደርስ ለውጭ አገር አባት ያደላል። ያንን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አጠራው። በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በቃ፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው።

ያው የ1922ቱ ሕግ ሌላ ነገርም አለው፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የኛን ያጣል። ይሄኛው እስከ ዛሬ አልተነካም፣ በአዋጅ 378/1996 አንቀጽ 20 ቀጥሏል። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡትም፣ በኋላ ዲቪ የደረሳቸውም አሜሪካዊ የሆኑ ቀን በሕግ የውጭ ሰው ሆኑ። ለነሱ ሲባል ነው አዋጅ 270/1994 ቢጫ ካርድን ያመጣው። ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራለህ፣ መምረጥና መመረጥ ግን የለም።

ልጆቻቸውስ? አሜሪካ ምድር የተወለደ ሁሉ፣ ከዲፕሎማት ልጅ በቀር፣ አሜሪካዊ ነው፤ ይሄ እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አለ። የኛ አዋጅ ደግሞ በመወለዱ ብቻ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ልጅ ወዲያው አያባርረውም። ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት ይጠብቀዋል። በዚያ ጊዜ ሌላውን ትቼ ኢትዮጵያዊነቴን መርጫለሁ ካላለ ነው በፈቃዱ እንደተወ የሚቆጠረው። ስለዚህ 19 ዓመት እስኪሞላው በሩ ክፍት ነው።

አያትየው ይሄን ሁሉ ሰምተው፣ «ታዲያ ልጆቹ እናታቸው ፓስፖርት ላይ አይጻፉም?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ድሮ በብዙ አገር ልጅ የሚጓዘው በወላጁ ፓስፖርት ላይ ተጽፎ ነበር። አሁን ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አንድ ሰው አንድ ፓስፖርት ይላል፣ ጨቅላም ቢሆን። አሜሪካኖቹ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአባትንም የእናትንም ስምምነት ይጠይቃሉ። የልጆቹ ቢጫ ካርድ ከወጣ ቪዛ የለም፤ የአሜሪካ ፓስፖርታቸውን ግን መያዝ አለባቸው፣ ያለሱ አይመለሱም። አብሽሩ፣ የነሱ ጉዳይ ያልቃል አልኳቸው።

የዚህኛው ልጅ ነው ያላለቀው።

እናቱ የሄደችው በኛ አገር ሰው በሚያውቀው መንገድ ነው፤ በአፋር፣ በጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ፓስፖርት የሚባል አልነካችም። ልጁ በ2004 እዚያው ተወለደ። ሳዑዲ ምድሯ ላይ ስለተወለድክ ብቻ ዜግነት አትሰጥም። በ2006 ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ሲመለስ፣ እሱም በእናቱ እቅፍ በሊሴ ፓሴ ቦሌ ገባ። ሊሴ ፓሴ ደግሞ ለአንድ ጉዞ ነው። እናትየው ሁለት ዓመት ሳትቆይ ልጁን ለእናቷ ትታ ያንኑ መንገድ ደገመችው።

እንግዲህ ቀኑን አስተያዩት። በ1922 ሕጉ ኢትዮጵያዊ ነህ ብሎታል። ያንን የሚያስረዳው የልደት ምዝገባ ግን አገር አቀፍ ሆኖ ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። 86 ዓመት! ልጁ ተወልዶ፣ ተባርሮ፣ ተመልሶ፣ ከዚያ ነው መዝገቡ የተከፈተው።

አሁን ፓስፖርት የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ምስክር ወረቀቱ የእናት መታወቂያ ይፈልጋል። የእናትየው መታወቂያ አለ፣ ግን በድሮው ማኅተም ነው። (የኛ አካባቢ መታወቂያ ማኅተም በአባቴና በእኔ ዘመን አንድ አይደለም፤ ወደዚያ ክርክር አልገባም፣ ኮሜንት ላይም እንዳትገቡ።) አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ልጅ «የትውልድ ቦታ» የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ሳዑዲ ብዬ ልጽፍ?» አለኝ። ጻፍ አልኩት። አለቃዬን ልጠይቅ አለ። አለቃው ስብሰባ ላይ ነበር። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ ወላጁ ከሌለ ሞግዚት ያስፈልገዋል፣ ሞግዚትነት ከፍርድ ቤት ነው። ይሄ ሁሉ ተሟልቶ ነው የፓስፖርቱ 5,000 ብር የሚመጣው።

ደላላው ጋ ይሄ ሁሉ የለም። ደላላ መንገዱን በዱቤ ይሰጣል፤ ሂሳቡን የመን ላይ አግቶ፣ ስልክ እያስደወለ ይቀበላል።

ልጁን በ14 ዓመትህ ፓስፖርት ምን ያደርግልሃል፣ ለሥራ እንደሆነ 18 ሳይሞላህ አይላኩህም ብዬው ነበር። «ወረቀት ካለኝ እኮ እጠብቃለሁ መምህር፤ ከሌለኝ ምኑን ነው የምጠብቀው?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬያለሁ። አያትየው ሲመለስ የሚያውቁትን ምስክሮች ይዘው ፍርድ ቤት እንሄዳለን። በ2006 ከሱ ጋር የተመለሰ የሊሴ ፓሴ ኮፒ ያለው ሰው ካለ፣ ምን እንደሚመስል ብቻ ላየው ስለምፈልግ በውስጥ መስመር ይላክልኝ።