ወላይትኛ በትምህርት ቤት፤ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ ወጋጎዳ

ሕፃናትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማስተማር ጉዳይ በአገራችን ሲወሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በሕግና በመብት ላይ ነው። የወላይትኛ ታሪክ ግን ሌላም ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ልጁ ይዞት የሚመጣውን መጽሐፍ በቤቱ ያለ ሰው ሊያነብለት ይችላል ወይ? የሚል ነው።

በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ወስኖ፣ የአካባቢው ቋንቋ ተማሪዎች አማርኛ እስኪለምዱ ድረስ በቃል ብቻ እንዲያገለግል ፈቀደ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ብሔረሰቦች በቋንቋቸው የመጠቀም መብት እንዳላቸው ገለጸ። መብቱ በተግባር የታየው ግን ከልጆች አስቀድሞ ለአዋቂዎች ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ወላይትኛ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ መማሪያዎቹም በግዕዝ ፊደል ታተሙ። መደበኛው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ቀጠለ።

ይህን በልጅነቴ በቤታችን አይቼዋለሁ። እናቴ ማታ ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ስትመለስ የወላይትኛ መማሪያዋን በኩራዝ ብርሃን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ያልገባኝን የአማርኛ ምንባብ በቃሌ አጠናለሁ። ፊደሉ አንድ ስለ ነበረ የእኔንም መጽሐፍ ድምፁን ታወጣው ነበር፤ ምን እንደሚል ግን ሁለታችንም አናውቅም።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ወላይትኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፤ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አሠራሩን አጸናው። ይሁንና መጽሐፉ በላቲን ፊደል ተዘጋጀ። ለዚህ ምክንያት አልጠፋም፤ ፊደሉ የሚጠብቁ ድምፆችንና ረዣዥም አናባቢዎችን ለይቶ ለመጻፍ ያመቻል። ነገር ግን በዘመቻው ማንበብ የተማረች እናት፣ ልጇ በገዛ ቋንቋዋ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ቋንቋውን እያወቀች ፊደሉን የማታውቅ ሆነች። እንደ እኔ አስተያየት፣ ፊደል ሲለወጥ የወላጆች መሸጋገሪያ ትምህርት ከልጆቹ መጽሐፍ እኩል ሊታቀድ ይገባል።

ከዚህ የባሰው በ1992 ዓ.ም. መጣ። በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ ተቀራራቢ ናቸውና በአንድ መጽሐፍ ይሰጡ ተብሎ፣ ከአራቱ ተውጣጥቶ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ ስሙም የአራቱ መነሻ ፊደላት ነው። ቋንቋዎቹ መቀራረባቸውን የሥነ ልሳን ሊቃውንትም ይመሰክራሉ። አንድ መጽሐፍ ማሳተም አራት ከማሳተም እንደሚረክስም በዕቅድ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል። ዳሩ ግን ወጋጎዳን በቤቱ የሚናገር አንድም ቤተሰብ አልነበረም። በኅዳር ወር በወላይታ ሶዶ ተማሪዎች፣ መምህራንና ነዋሪዎች በተቃውሞ ተነሡ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። መጽሐፎቹ ከየክፍሉ ተሰበሰቡ። ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ የልጆቹ መጽሐፍ ዳግመኛ በወላይትኛ ተዘጋጀ፤ ፊደሉ ላቲን እንደ ሆነ ቀረ።